ኤርታሌ ጠርዝ ላይ ማደር ይቅር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ኅዳር በገባ ቁጥር በአፋር ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ የሚደረግ ጉዞ ማስታወቂያ ይበዛል፣ በገጾቻችሁም ላይ ይወጣል። ፎቶው ከዓመት ዓመት ያው ነው፦ የሚንተከተክ ቀይ የላቫ ሐይቅ፣ ከፊቱ ደግሞ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ጠርዙ ላይ የቆመ ሰው። ደብዳቤውን የምጽፈው በፎቶው ላይ ያለው ኤርታሌና ዛሬ ያለው ኤርታሌ ስለተለያዩ፣ የጉብኝቱ ልማድ ግን በድሮው ፎቶ ልክ ስለቀጠለ ነው። ሰው ማታ ደርሶ፣ ጠርዙ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ፣ ሲነጋ ይወርዳል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ኤርታሌ ከሩቅ ሲያዩት ተራራ አይመስልም። ግርጌው ከባሕር ጠለል በታች ካለው የዳናክል ረባዳ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋ ዝርግ መሠረት ላይ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ርዝመቱ 1.6፣ ወርዱ 0.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ካልዴራ፣ ማለትም መሬቱ ሰምጦ የፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ አለ፤ በካልዴራው ውስጥ ደግሞ ሰሜንና ደቡብ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። ኤርታሌን በዓለም ያሳወቀው የደቡቡ ጉድጓድ ነው፤ ቢያንስ ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የላቫ ሐይቅ እንደነበረበት ይታወቃል። ጥር 2009 ዓ.ም. ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ በጥር 13 ደግሞ ከጫፉ በስተደቡብ ምሥራቅ መሬቱ ተሰንጥቆ ላቫው በዚያ ወጣ፣ የሐይቁም ከፍታ በአሥሮች ሜትሮች ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ እንደ ድሮው አይደለም። ይሞላል፣ ይጎድላል፣ በቅርፊት ይሸፈናል፤ ጢስ ብቻ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. አመድ የተፋ ጠንካራ ፍንዳታ ሆነ፣ ቅልጥ ዐለቱም ከመሬት በታች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሰርጎ እንደሄደ ከሳተላይት ልኬት ታየ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ከ15 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ያለው፣ ፈነዳ የሚል አንድም የጽሑፍ መዝገብ ያልነበረው ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን አልፎ እስከ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ ደረሰ፤ በህንድ በረራዎች ተሰረዙ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ስለ ጠርዙ ለመናገር ነው።

የጉድጓዱ ግድግዳ የተደራረበ ስስ የላቫ ንጣፍ ነው። ሐይቁ ከፍ ብሎ ሲቆይ ግድግዳውን ከሥር እያቀለጠና እያፈረሰ ይቦረቡረዋል፤ ሐይቁ ሲወርድ ደግሞ ያ የተቦረቦረ ግድግዳ ደጋፊ አጥቶ ይንጠለጠላል። ከላይ የቆመ ሰው እግሩ ሥር ያለው ባዶ መሆኑን በምንም መንገድ ሊያይ አይችልም። የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ ነው፤ ያኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ከተቦረቦረ እሱ የቆመበትም እንዲሁ እንደሆነ መገመት ይኖርበታል። ሁለተኛው ምልክት ስንጥቅ ነው። ጠርዙን ተከትሎ፣ ከጉድጓዱ አፍ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ ከስንጥቁ እስከ ጉድጓዱ ያለው መሬት ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ ስንጥቁ አንድ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ሆኖ ይደረደራል። መቆም ያለበት ከሁሉም ወደ ኋላ ከራቀው ስንጥቅ ውጭ ነው። ስንጥቁ ጠባብ ሆኖ በጨለማ ካልታየ ከመጠጋት በፊት መሬቱን በባትሪ አግድም ማብራት ይጠቅማል፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ስንጥቁ ጥላ ይጥላል። ከላይ ወደ ታች ካበሩት አይታይም። ከስንጥቁ የሞቀ አየር ወይም እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል፤ ከዚያ ወደፊት መሄድ የለም።

ሐይቁ ሞልቶ በነበረበት ዘመን ጎብኚው ራቅ ብሎም ያየው ነበር። አሁን ላቫው ወደ ታች ስለራቀ፣ ለፎቶ ሲባል ሰው ጠርዙ ላይ ይንጠራራል። ማለትም ግድግዳው ይበልጥ በደከመበት ጊዜ ሰው ይበልጥ ይጠጋል። የዛሬው የኤርታሌ ጉብኝት ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፣ ማስታወቂያውም ፎቶውን እያሳየ ይገፋዋል።

ከጠርዙ ቀጥሎ ጋዙ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው በአብዛኛው የውሃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ሃይድሮጅን ፍሎራይድም ይገኙበታል። ጉሮሮ የሚፍቀው፣ ዐይን የሚያስለቅሰው፣ ክብሪት ሲጫር የሚሸተውን የሚመስለው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ10 ደቂቃ እንኳ ከ500 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ጢሱ ውስጥ የገባ ሰው ከዚያ እጅግ የበዛ ይተነፍሳል። አስም ያለበት ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረቱ ሊታፈን ይችላል፤ የሚነፋ መድኃኒቱን ይዞ መምጣቱ ብቻውን በቂ አይደለምና ጠርዙ ድረስ ባይሄድ ይሻለዋል።

ማስክን በተመለከተ ትልቅ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው የአፍ መሸፈኛም ሆነ ኤን95 የሚባለው ማስክ አቧራና አመድ እንጂ ጋዝ አያግድም። ለጋዝ የሚሆነው ግማሽ ፊት የሚሸፍን የጎማ ማስክ ነው፤ ፊልተሩ ላይ ቢጫ ቀለበት መኖር አለበት፣ ቢጫው ለሰልፈር ዳይኦክሳይድና ለመሰል አሲዳማ ጋዞች ነው። ቡናማ ቀለበት ያለው ለቀለምና ለቤንዚን ትነት የሚሠራ ስለሆነ እዚህ አይጠቅምም፤ ገበያ ላይ ግን "የጋዝ ማስክ" ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው እሱ ነው። ነጭ ቀለበት ብቻ ያለው ደግሞ ለብናኝ ነው። ፊልተሩ እሽጉ ከተከፈተ በኋላ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይደክማልና ካምፕ ሳይደርሱ አይከፈት፤ በውስጡ ሽታ መግባት ከጀመረ አብቅቷል። ጺም ያለው ሰው ማስኩ ፊቱ ላይ ስለማይገጥም በጎን ይገባበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያግድ ፊልተር የለም። ሽታም ቀለምም የለው፣ ከአየር ይከብዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ ወደ ካልዴራው ወለልም ሆነ ወደ ማንኛውም ጉድጓድ መውረድ በማስክ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ነፋሱን ማንበብ ከማስክ ይቀድማል። ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ታይቶ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቀረባል፤ መመለሻውም በዚያው በኩል ክፍት መሆን አለበት። ቀን የሚነፍሰው ነፋስ ማታ ሊለወጥ፣ ሌሊት ላይም ጸጥ ሊል ይችላል። ነፋስ ጸጥ ሲል ጢሱ ቀጥ ብሎ ላይወጣ ይችላል፤ በካልዴራው ውስጥና በጠርዙ ላይ ይንጣለላል። የተኛ ሰው ይህን አያውቅም። ነቅቶ ቢሆን ሁለት ጊዜ አስሎ ይሸሽ ነበር፤ ተኝቶ ግን ለሰዓታት ይተነፍሰዋል። ጠዋት ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳልና የቀላ ዐይን ይዘው የሚነሡት ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹም የሙቀትና የድካም ውጤት አድርገው ይወስዱታል። ጠርዙ ላይ ያሉት የድንጋይ ጎጆዎች ነፋስ ይከልሉ እንደሆነ እንጂ ጋዝ አይከልሉም፤ የገባውን ጋዝ ደግሞ ያቆዩታል።

ስለዚህ መውጣትና ማየት ይቻል፤ ማደር ግን ታች ካምፕ ይሁን። ከጠርዙ አካባቢ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ አንድ አስጎብኚም ፎቶ ከማንሳት ነጻ ሆኖ ጢሱን ብቻ ይጠብቅ። በየቡድኑ ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል አንዲት የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መለኪያ ብትኖር የሰው ግምት አያስፈልግም፤ ስትጮህ ይወረዳል።

መሬቱን ማወቅም ያስፈልጋል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የፈሰሰው አዲሱ ላቫ ላዩ ለስላሳና ጥቁር፣ በብርሃን የሚያብለጨልጭ ነው፤ ቅርፊቱ ከደረቀ በኋላ ውስጡ ስለፈሰሰ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ሲረገጥ እንደ ድርቆሽ ይሰበራል፤ እግር እስከ ጉልበት ይገባና ሲወጣ ስብርባሪው እንደ መስታወት ይቆርጣል። አሮጌው ላቫ ግራጫና ሻካራ ነው፣ ይረገጣል። በአዲሱ ላይ መሄድ ግድ ከሆነ በአንድ ረድፍ፣ መሪው በከዘራ እየወጋ፣ ሌላው በእሱ ኮቴ ላይ ይሂድ፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ድፍን ነው፣ ካስተጋባ ባዶ ነው። ጫማው ወፍራም ሶልና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሱሪው ረጅም ይሁን። እጅ ላይ የቆዳ ወይም ወፍራም የሸራ ጓንት፣ ምክንያቱም የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው መዳፉን ነው። በየስንጥቁና በየድንጋዩ ሥር የተከማቸ ወርቃማ ፀጉር የመሰለ ነገር ይታያል። ይህ ላቫው ሲረጭ ነፋስ አክርሮ የጎተተው የመስታወት ክር ነው። ያምራል፤ በእጅ ግን አይነካም። ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ዐይን ከገባ ማሸት ይብሰዋል፤ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። በዐይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ለዚያ ሌሊት መነጽር ቢያደርጉ ይመረጣል።

የሙቀቱን ነገር ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ይታለፋል፣ ግን ሰው የሚወድቀው በእሱ ነው። ዳሎል ላይ በ1950ዎቹ ለዓመታት የተለካው አማካይ የዓመት ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ አማካዩ ሌሊቱንም ክረምቱንም ጨምሮ መሆኑን ልብ ይሏል። መሄጃው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም መሄድ አልመክርም። በእግር የሚሄድ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር በላብ ሊያጣ ስለሚችል፣ ለሽቅቡ ብቻ 3 ሊትር፣ ለቀኑ በጠቅላላ ከ6 እስከ 8 ሊትር ለአንድ ሰው ይያዝ፤ ለመኪና ብልሽት ተብሎ የአንድ ሙሉ ቀን ትርፍም ይጫን። ውሃ ብቻ ማብዛት ግን ሌላ ችግር ያመጣል፦ በላብ የወጣው ጨው ሳይተካ ሲቀር ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መወላገድ ይከተላል፤ ጓደኞቹ "ውሃ ጠጣ" ይሉታል፣ ይብስበታል። በየሁለት ሊትሩ አንድ ጊዜ ኦአርኤስ መጠጣት ወይም ጨው ያለው ምግብ መብላት ይበቃል። ላቡ ቆሞ ቆዳው የጋለ፣ ንግግሩ የተምታታ ሰው ካለ ግን ያ የሙቀት ምት ነው፤ ውሃ በግድ ማጠጣት ሳይሆን ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን አውልቆ ገላውን ማራስ፣ ማራገብ፣ በብብቱና በአንገቱ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ነው መኪና የሚነሣው። ቀድሞ ከዶዶም ካምፕ የነበረው የሦስትና የአራት ሰዓት የሌሊት ጉዞ፣ ግመል ፍራሽና ውሃ ተሸክሞ፣ በራሱ ዝግጅት ያስገድድ ነበር። አሁን መኪና ይበልጥ የሚጠጋበት መንገድ በመከፈቱ የእግር መንገዱ አጥሯል፤ ሰውም በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሽቅብ ይወጣል።

መኪናን በተመለከተ አጭር ቃል፦ ሁለት መኪና ሆኖ መሄድ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ኮምፕረሰር። አሸዋ ላይ ጎማው ይተነፍሳል፤ ላቫ ድንጋይ ላይ ከመግባት በፊት ግን መልሶ መነፋት አለበት፣ የላላ ጎማ ጎኑን ድንጋይ ይበላዋልና። አሳሌ ጨው ሜዳ ላይ ከነባሩ የጎማ ፋና መውጣት የለም፤ ነጩ ገጽ ደርቆ ሥሩ ጭቃ የሆነበት ቦታ ከላይ አይለይም። ዳሎል ላይም ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ ዳር ያለው ጨው ስስ ነው፤ ውሃው እጅግ አሲዳማ ነው፣ ኩሬዎች ውስጥ የአሲድነቱ መለኪያ ከዜሮ በታች የሚወርድበት አለ። ጋኤታሌ የሚባለው ኩሬ ዳር የሞቱ ወፎች የሚገኙት ጎንበስ ብለው ጋዙን ስለሚተነፍሱ ነው፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ልብ ይበል።

እስካሁን ያልኩት ለጎብኚ ነው። ጎብኚው በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ የአፍዴራና የአካባቢው አርብቶ አደር ግን እዚያው ነው። ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ጋዜጦቻችን ስለ በረራ ብዙ ጻፉ፣ አመድ ስለለበሰው ግጦሽ ግን ጥቂት። ሰው አልሞተም መባሉ እውነት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአመድ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ በመንጋ ላይ ይመጣል። ደቃቁ አመድ በላዩ ላይ ፍሎራይድ ተሸክሞ ይወርዳል፣ ሣሩና ቅጠሉ ላይ ይለጠፋል። ፍየልና ግመል ሲግጡት አብሮ ይገባል፤ መጀመሪያ ለሃጭ ይበዛባቸዋል፣ መብላት ያቆማሉ፣ ቆይቶ ያነክሳሉ፣ ጥርሳቸው ይበላሻል። አመድ ሁሉ ይመርዛል ማለት አይደለም፤ እስኪመረመር ድረስ ግን እንደሚመርዝ ቆጥሮ መጠንቀቅ ያዋጣል። ስለዚህ አመድ በወረደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንጋውን አመድ ወዳልነካው ግጦሽ ማንሳት፤ ካልተቻለ የተቀመጠ መኖ እየሰጡ ዝናብ ሣሩን እስኪያጥበው መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ግን አመዱን አጥቦ ወደ ቢርካው (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው) እና ወደ ኩሬው ይወስደዋል። ቢርካው ቀድሞ በሸራ ይሸፈን፣ ውሃ የሚያስገባው ቦይ ይዘጋ፣ የመጀመሪያው ጎርፍ አልፎ ይሂድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። አመድ የገባበትን ውሃ በነጠላ ማጥለል ደለሉን ያወጣል፣ የሟሟውን ፍሎራይድ ግን አያወጣም። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበልጥ ይከማቻል። ስለዚህ ከየወረዳው የሚሄደው ባለሙያ "አፍልታችሁ ጠጡ" ብሎ ከመምከሩ በፊት ናሙና ወስዶ ያስመርምር፤ እስከዚያው በቦቴ ውሃ ማድረስ ነው መፍትሔው። ደቦይታው (የአፋር ጎጆው) ላይ የተከመረ አመድ ዝናብ ከመታው ክብደቱ ስለሚጨምር ደረቅ ሳለ ይራገፍ፤ የሚያራግፈው ሰው ኤን95 ያድርግ፣ እዚህ ላይ ግን በትክክል ይሠራል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት የመሬት መንቀጥቀጡን ይከታተላል፤ የአመድ ደመና ማስጠንቀቂያም ለአውሮፕላን አብራሪዎች ፈረንሳይ ካለው የቱሉዝ ማዕከል ይወጣል። አብራሪው በ10 ሺህ ሜትር ላይ ሆኖ የሚያገኘውን ማስጠንቀቂያ፣ ከሥሩ ፍየል የሚጠብቀው ሰው በአፋርኛ በሬዲዮ የማያገኝበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው ከሰመራ የሚነሣ አጭር መልእክት ነው፦ የት ፈነዳ፣ ነፋሱ አመዱን ወዴት ወሰደው፣ የትኛው ቀበሌ ቢርካውን ይሸፍን።

ወደ ጉብኝቱ ስመለስ፣ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አስጎብኚ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ላይ ፎቶው የተነሣበትን ዓመት ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ለጉብኝት ፈቃድ የሚሰጠው አካል ጠርዝ ላይ ማደርን በግልጽ ይከልክል፣ የአካባቢው አስጎብኚዎችና አጃቢዎችም ጢሱ ሲዞር ጉብኝቱን የማቋረጥ ሥልጣን ይኑራቸው፤ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል ተብሎ እንዳይፈሩ ደንቡ አስቀድሞ ይጻፍላቸው። እነሱ መሬቱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ አሁን ግን "ከፍያለሁ" የሚል ጎብኚ ሲከራከራቸው የሚይዙት ወረቀት የላቸውም። ሦስተኛው ለእናንተ ነው፦ የኤርታሌን የጉዞ ማስታወቂያ ስታትሙ ከሥሩ አነስተኛ ሳጥን ስጡና፣ የማስኩን ፊልተር ቀለም፣ የውሃውን መጠን፣ ከኋለኛው ስንጥቅ ማለፍ ክልክል መሆኑንና አስም ያለበት ሰው ከታች መቅረት እንዳለበት አራት መስመር ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሰመራ